በሁለት መንጋጋዎች መካከል

ልጄ አንደኛ ክፍል እንደገባች በግራ ጎኗ ብቻ ማኘክ ጀመረች። ያመኛል አላለችም። ቆሎ ስሰጣት ግን በምላሷ ወደ ግራ ጉንጯ ትገፋዋለች። አዲስ ከተማ ሱቅ ላለው ባለቤቴ ስነግረው፣ አንቺ ደግሞ በሽታ ካልፈለግሽ አይሆንልሽም ብሎ ሳቀብኝ።

በዚያው ሰሞን ጤና ባለሙያዎች ትምህርት ቤቷ መጥተው የልጆቹን አፍ በእጅ ባትሪ አይተው ነበር። የእሷን ደህና ነው አሏት። እኔም ጠዋት መስኮት አጠገብ አፏን አስከፍቼ አየሁ። ጥርሶቿ ወተት ይመስላሉ፤ ቀዳዳ የሚባል የለም። ልቤ ግን አልረጋም።

ቅዳሜ በባጃጅ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሽበታቸው የበዛ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። በትንሽ መስታወት ዞር ዞር እያሉ አዩ። ከዚያ ጥርሷን በአየር አደረቁና እንደገና ጎንበስ አሉ። አሁን ብዙ ቆዩ።

ራጅ ትነሳ አሉኝ። በዓይን ማየቱ አይበቃም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁለት ጥርሶች በሚነካኩበት ቦታ ዓይን አይገባም አሉ፤ መበስበሱ በጎን ገብቶ ውስጡን ሲቦረቡር ላዩ ነጭ ሆኖ ይቆያል።

ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ በቀኝ በኩል በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል የተሰነቀረ ጥቁረት አየሁ።

«ይቺ የነርቩ ቦታ ናት» አሉ በእርሳስ እያሳዩኝ። «ሊደርስባት ትንሽ ነው የቀረው።»

እኔ ግን የማየው ግራውን ነበር። የምታኝክበት ጎን ላይም ስስ ጥላ አለ።

«ይሄስ ዶክተር?»

«እሱ ገና ጅምር ነው። በደንብ ይቦረሽ፣ ጣፋጭ ይቀነስ፤ እየተከታተልን እናያለን።»

ቀኙን አደንዝዘው ሞሉላት። አላለቀሰችም፤ ጣቴን ብቻ ጨምቃ ያዘች። ከዚያ በኋላ ጥርሷን የምቦርሽላት እኔ ሆንኩ። ቤት ውስጥ ከረሜላ አላስገባም አልኩ። እሷ በሁለቱም ጎን እያኘከች ስትስቅ፣ እኔ የማላየውን ነገር አስባለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ለክትትል ስንሄድ ባለቤቴም ታናሽ እህቷን አቅፎ አብሮን መጣ። ሐኪሙ የድሮውንና የአዲሱን ራጅ ጎን ለጎን አደረጉ። የግራው ጥላ ሰፍቷል። ማንም እንዲነግረን አላስፈለገንም። ባለቤቴ ምስሎቹን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ታናሿን ከእቅፉ ሳያወርድ ወደ ወንበሩ ቀረበና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺንም ይዩልን» አላቸው።