የእህቴ ኬክ፣ የእናቴ ዘቢብ

እህቴ ከካርቱም የተመለሰችው ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን፣ በጥቅምት መጨረሻ ነው። መተማ ዮሐንስ ሳሉግ ብለን በምንጠራቸው የቀን ሠራተኞች ተጥለቅልቃ ነበር። እሷ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ሁለት ሻንጣ በጋሪ አስጭና፣ ከሱዳኗ ገላባት በኩል ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ መጣች። እናቴ መንገዱ ላይ ተንበርክካ መሬት ሳመች። "ከእንግዲህ ያንን ድልድይ እግሬ አይረግጠውም" አለች እህቴ እያለቀሰች። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔ ከኋላቸው ቆሜ ሻንጣ እጠብቅ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ ትቼ ከእናቴ ጋር መናኸሪያው አጠገብ ሻይ እሸጣለሁ። ግጥም የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም። ቤት መምታቱን ከሠርግ ቤትና ከልቅሶ ቤት ለቃቅሜ፣ የመጣልኝን በስኳር ወረቀት ጀርባ እየጻፍኩ አኖር ነበር። እናቴ ስጽፍ ታያለች፤ አንድም ቀን ግን "እስኪ አንብቢልኝ" ብላኝ አታውቅም። አልተቀየምኳትም፤ ሌላው ነገሯ ሁሉ የእኔ ነበራ። ወባ ሲነሳባት የምትጠራው እኔን ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የምትደገፈው የእኔን ትከሻ ነው። ምስጢር ካላትም የምትነግረው ለእኔ ነው።

እህቴ በገባች በሳምንቱ ይኼ ሁሉ ተገለበጠ። በዓል ካልሆነ የማይወጣው ስኒ ለእሷ ወጣ። እናቴ የእህቴን መዳፍ እየገለበጠች "በሳሙና ብዛት ተልጦ፣ እዩልኝ" እያለች ለመጣ ለሄደው ታሳያለች። የእኔም እጅ የፈላ ውሃ ሲያቃጥለው ኖሯል፤ ለማንም አልታየም። ያን ሰሞን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

የሄደ ይናፈቃል፣ የቀረ ይላካል፤
እሳት ከሩቅ ያምራል፣ ከቅርብ ያጨሳል።

ጽፌ አጣጥፌ ፍራሼ ሥር ከተትኩት።

የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ተራው የእናቴ ነበር። ማኅበርተኛው በሙሉ እኛ ቤት ይመጣል፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ድፎ ዳቦ ይደፋል። እህቴ ከድፎው ጎን የፍራፍሬ ኬክ እጋግራለሁ ብላ ተነሳች። የካርቱም እመቤቷ ያስተማረቻት ነው፤ ተምር፣ ዘቢብ፣ ለውዝና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ የሚገባበት፣ ጠቆር ያለ፣ ከበድ ያለ ኬክ። ይኼን እንደተናገረች ግቢያችን ለሁለት ተከፈለ።

ከኛው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የትራክተር ሹፌር ነበር፤ የጎንደር ከተማ ልጅ ነው፤ ሁሉንም ነገር ያውቃል።

"እኔ ፒያሳ ኬክ በልቼ አድጌያለሁ" አለ። "ኬክ ማለት ነጭ ነው። ክሬም አለው። ተምር ያለበት ምን ኬክ ነው? የግመል ነጂ ስንቅ ነው እንጂ!"

"አንተ ደግሞ ናፍጣና ክሬም መለየት ከጀመርክ ስንት ቀንህ ነው?" አለችው እህቴ።

ጠላ የምትሸጠው የጎጃም ጎረቤታችን ደግሞ በአጥራችን ላይ አንገቷን አሻግራ "በስማም! ዳቦ በስኳር?" አለች። "ስኳር ለሻይ ነው የተፈጠረ። ይልቅ ያንን ዘቢብ በጠጅ ዘፍዝፊው፤ ወግ ይኖረዋል።"

"በከርከዴ፣ በቀዩ የአበባ ሻይ ነው የሚዘፈዘፈው፣ እትዬ። የኔ እመቤት ቤቷ መጠጥ አይገባም ነበር።"

"ታዲያ የእስላም ኬክ ለሚካኤል?"

"ኬክ ሃይማኖት የለውም፣ እትዬ። እንቁላል ነው ያለው።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ለእኔ እንዲህ ያለ መልስ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው፤ ለዚያ ነው መሰለኝ ግጥም የምጽፈው።

እናቴም ሐሳብ ነበራት። "ሰሊጥ አገር ተቀምጠን የቆርቆሮ ቅቤ መግዛት ነውር አይደለም? በሰሊጥ ዘይት አድርጊው" አለች።

"እማዬ፣ የሰሊጥ ጠረን ያይላል። ተምሩን ይውጠዋል።"

እናቴ ትንሽ አሰበችና "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አለች።

ይቺ ቃል ገደለችኝ። ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር፣ በጨው ልክ እንኳ "አንቺ ታውቂያለሽ" ብላኝ አታውቅም።

ኬኩ ሳይቆረስ ሦስት ቀን መቀመጥ አለበት ስለተባለ፣ እህቴ ሥራውን የጀመረችው ቀደም ብላ ነው። አንድ ጠዋት እናቴ ሻይ ቤቷ ሄዳ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ብርጭቆ አጥባለሁ። እህቴ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ተምሩን እየሰነጠቀች ፍሬውን ታወጣለች። ለውዙን ፈልፍላ ጨረሰች። ከዚያ ያመጣችውን ዘቢብ ብትፈታው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ከካርቱም ለስጦታ ከያዘችው ሳሙና ጋር በአንድ ሻንጣ አሽጋው ኖሮ፣ በዚያ ሙቀት ሽታው ገብቶበታል። ሦስቴ አጠበችው፤ ጭራሽ አረፋ አወጣ።

"ወይኔ! በዚህ ሚካኤልን ላጥበው ነው?" ብላ ሳቀችና ሌላ ዕቃ ፍለጋ ጓዳ ገባች።

ጓዳ፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ በነጭ ጨርቅ የታሰረ የወተት ዱቄት ጣሳ አለ። እኛ አገር ጉንዳን ስለማያስቀምጥ ጣፋጭ ነገር ሁሉ በጨርቅ ይታሰራል፤ የእህቴ ዓይን በጨርቁ አልተጠራጠረም። ጣሳውን ይዛ ወጣች፤ ፈታችው። ጥርት ያለ፣ ድንጋይ የተለቀመለት፣ ወፍራም ዘቢብ ነው።

"ቤት ዘቢብ እያለ እኔ ከካርቱም እሸከማለሁ! ይበቃኝ ይሆን?" አለችኝ።

ያ ዘቢብ የስለት ነበር። እናቴ እህቴ በሰላም ከገባችላት ለማርያም፣ ለቁርባን የሚጨመቅ ዘቢብ ልታገባ ተስላለች። ስትሳል አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዘቢቡን አብረን ነው የለቀምነው። ስለት ሳይደርስ ለተሳሉለት ሰው አይወራም ብላ የምታምን ስለሆነች ለእህቴ አልነገረቻትም፤ ከእግዜር በታች የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ኅዳር ሃያ አንድ፣ በጽዮን ማርያም ዕለት ልታደርሰው ቀን ቆርጣለች።

ብርጭቆውን በውሃ አለቀለቅሁ። እህቴ ጣሳውን አቅፋ ትጠብቀኛለች። የማስበው ስለ ማርያም አልነበረም። እናቴ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እሷን በቁጣ ስታያት ማየት ፈለግሁ።

"ይበቃል" አልኳት።

ከርከዴው ውስጥ ገለበጠችው። ባዶውን ጣሳ ወስጄ በዚያው ጨርቅ፣ በእናቴ አስተሳሰር፣ ሁለቴ ቋጥሬ ቦታው መለስኩት። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። "የቤት ነገር ሥርዓት ይዘሻል፣ ጠይብ!" ብላ፣ ጎበዝ ለማለት፣ በካርቱምኛ አመሰገነችኝ።

በማግስቱ ጋገረች። ምድጃ የለንም። ትልቁ ብረት ድስት ውስጥ አሸዋ አነጠፈች፤ ሊጡን የያዘውን ትንሹን ድስት አሸዋው ላይ አስቀምጣ ከደነችው፤ ከሥሩ ጥቂት፣ ከክዳኑ ላይ ብዙ ፍም አደረገች። አመዱን እያራገፍኩ ፍም የምቀይረው እኔ ነበርኩ። ትንሽ ባበዛው ይቃጠላል፤ ትንሽ ብቀንሰው መሐሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱንም አሰብኩ። አላደረግኩትም። ለምን እንዳላደረግኩት አላውቅም፤ ምናልባት አንዱ በደል በቅቶኝ ይሆናል። ምናልባትም ሽታው ነው፤ የብርቱካን ልጣጩ ሲሞቅ ግቢውን የሞላው ሽታ እጄን አዘዘው።

የሚካኤል ዕለት የነፍስ አባታችን ድፎውን ባርከው ቆረሱ። ሹፌሩ እኔ እንድታይ ብሎ ነው መሰለኝ "ግጥም ትችላለች፤ ታንብብልን" አለ። ተነሥቼ ለሚካኤል የጻፍኩትን ጀመርኩ። አራት ስንኝ ሳልጨርስ እህቴ ኬኩን በትሪ ይዛ ገባች። አንገት ሁሉ ዞረ። በመሐል ባቋርጠው ማቋረጤን ያወቀ አልነበረም።

"ሸክላ ይመስላል" አለች የጎጃሟ ጎረቤታችን፤ ቀምሳ "ሸክላውስ ይጣፍጣል" አለች። ሹፌሩ "ክሬም ይጎድለዋል" እያለ ሦስተኛ ቁራጭ አነሣ። አባ የመጀመሪያውን በጥርጣሬ፣ ሁለተኛውን በዝምታ በሉ።

"አባ፣ እንዴት አገኙት?" አለቻቸው እናቴ።

"የነቢያት ጾም ሳይገባ መቅረቡ ጥሩ ነው፣ ልጄ" አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ። "ጾም ውስጥ ቢቀርብ ፈተና ይሆን ነበር።"

እኔም በላሁ። እንዲመር ፈልጌ ነበር። ዘቢቡ አብጦ፣ ከርከዴውን ጠጥቶ፣ ከጥርሴ ሥር ሲፈነዳ ጣፋጭም ጎምዛዛም ነው። እስከዛሬ የበላሁት ኬክ ሁሉ አይደርስበትም። ይኼንን መካድ ባለመቻሌ እህቴን የበለጠ ጠላኋት።

ኅዳር ሃያ፣ ጠዋት፣ እናቴ ጣሳውን አወረደች። ሳትፈታው ክብደቱን አወቀች። ቋጠሮውን ፈትታ ውስጡን አየች፤ ከዚያ ቁጭ አለች።

"የማርያም ዘቢብ የት ሄደ?"

እህቴ የያዘችው መጥረጊያ ከእጇ ወደቀ። "ኬኩ ውስጥ ነው፣ እማዬ። የቤት መስሎኝ... የማርያም መሆኑን አላወቅሁም።"

የጠበቅሁት ቁጣ አልመጣም። እናቴ ደረቷን ይዛ "አዪ፣ ማን ይነግራታል! እኔው ደብቄ! ላንቺ የተሳልኩትን ባንቺው እጅ" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ? ያን ጊዜ የት ነበርሽ?"

"ውሃ ልቀዳ ወርጄ" አልኩ።

እህቴ አየችኝ። ብርጭቆ ሳጥብ፣ "ይበቃል" ስል፣ ጣሳውን ስቋጥር ያየ ያ ዓይን ፊቴ ላይ ቆየ።

"አልነበረችም" አለች። "ብቻዬን ነበርኩ።"

ብታጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር። በኬክ በለጠችኝ፣ በመልስ በለጠችኝ፣ አሁን ደግሞ በምሕረትም ልትበልጠኝ ነው። ነጠላዋን አንስታ፣ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። "ወዴት?" አለች እናቴ። "ገላባት። የእኛ ሱቅ ያለው አቧራ ነው፤ ጥሩው ዘቢብ እዚያ ነው" አለች። እግሬ አይረግጠውም ያለችውን ድልድይ ልትረግጥ ነው። እስከ አጥሩ ጥግ ተከተልኳትና እግሬ ቆመ። ድልድዩ አፍ ላይ ወዳለው ኬላ ስትቃረብ እርምጃዋ ሲያጥር፣ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስትስብ አየሁ። በዚያ ማዶ ስምንት ዓመት ምን እንዳገኛት ጠይቄያት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የካርቱምን ሳሙና ብቻ ነበር የተቀበልኳት።

ተመልሼ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ ትሪው ላይ ቆመ።

"እያወቅሽ?"

"እያወቅሁ።"

"አባንም የስለት ዘቢብ ስታበላቸው ዝም ብለሽ አየሽ?"

"አየሁ።"

"ምን በደለችሽ?"

"እሷ አይደለችም። አንቺ ነሽ፣ እማ። እሷ ከመጣች ወዲህ አላየሽኝም።"

ትመታኛለች ወይም ታቅፈኛለች ብዬ ነበር፤ አንዱንም አላደረገችም። "ነገ ስለቱን የምታደርሺው አንቺ ነሽ" አለች። "የምን ስለት ነው ሲሉሽ በአፍሽ ትናገሪያለሽ። እኔ ከኋላ እቆማለሁ።" ከዚያ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

እህቴ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ዘቢቡን ይዛ ተመለሰች። ፊቷ አመድ ለብሷል። ትሪ አምጥታ ከመሐላችን አስቀመጠችና ድንጋይና እንጨቱን አብረን መልቀም ጀመርን።

"ነገርሻት?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"አዎ።"

"ኬክ መጋገሬ ነው ያናደደሽ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

"ገጣሚ ናት ይሉሻል፤ ቃል አጠረሽ?" አለች። አልሳቀችም። የለቀምኩትን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁ።

በማግስቱ ቅዳሴ ሲያልቅ ጣሳውን ይዤ ወደ አባ ቀረብኩ። እናቴ ማታውኑ ሁሉንም ነግራቸዋለች። ጣሳውን ከፍተው አሸተቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይኼኛው ያልተበላው ነው?" አሉኝ። "እኔም ሁለት ቁራጭ አለብኝ፤ ንስሐው የጋራችን ነው።" ከዚያ ለሕዝቡ እንዲሰማ "የምን ስለት ነው?" ብለው ጮኹ።

"እህቴ ከካርቱም በሰላም ስለገባችልን" አልኩ።

"አልተሰማም፤ ከፍ አድርጊው!"

ግጥም ሳነብ እንኳ እንዲያ ድምፅ አውጥቼ አላውቅም። "እህቴ ከካርቱም በሰላም ስለገባችልን!" አልኩ። የሴቶቹ እልልታ ቀለጠ። ሁሉም ወደ እህቴ ዞሩ፤ ሳሟት፣ ትከሻዋን ያዟት፣ እናቴ ክንዷ ላይ ተንጠለጠለች። እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም። ቅናቱ እዚያው ደረቴ ውስጥ ነበር፤ አልወጣም። ከነቅናቴ እኔም እልል አልኩ፤ ከሁሉም ዘግይቼ፣ የሌሎቹ ካበቃ በኋላ፣ ብቻዬን።