ከግድግዳው ማዶ የሚጠባው

ሆሳዕና የተከራየሁት ክፍል ከአከራዬ ቤት የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ግድግዳው ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ ከላይ ክንድ የሚያህል ክፍተት ስላለው በወዲያኛው በኩል የሚሆነውን ሁሉ ሳልፈልግ እሰማለሁ። በደርግ ዘመን፣ ዝናቡ በበረታበት አንድ ክረምት፣ ለሥራ ከሰነበትኩበት ከሾኔ ተመልሼ ጭቃ የያዘ ጫማዬን ሳወልቅ ሕፃን ሲጠባ ሰማሁ።

አልገረመኝም። አከራዬ ቤተሰቦቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው የከተሙ ባለሱቅ ሴት ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ባሏ ብሔራዊ ውትድርና ስለተወሰደ ለመውለድ እናቷ ዘንድ ገብታ ነበር፤ እኔ መንገድ ስወጣ ወንድ ልጅ ታቅፋ ተኝታ ነው የተውኳት። ጫማዬን ቀይሬ ወደ ሱቁ ዞርኩ።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ልጁ በርትቷል፤ ሲጠባ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል» አልኳቸው።

ሳሙና እየደረደሩ ነበር። እጃቸው መደርደሪያው ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?»

«ሕፃኑ... ሲጠባ ሰማሁት።»

«ሕፃኑን እኮ ቀበርነው ልጄ። አንተ በሄድክ በሳምንቱ።»

ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የነበረው ዝናብ ለአፍታ ጋብ አለ። ድምፁ ከጓዳ መጣ፤ የሚመጥ፣ ቆም ብሎ የሚተነፍስ፣ እንደገና የሚመጥ። እሳቸውም ሰሙት።

«እሷ ናት» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «ድመቷ።»

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ ያየሁትን ከሰማሁት መለየት ነውና እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ልጅቷ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። የሕፃኑ የሱፍ ብርድ ልብስ ታጥፎ ትከሻዋ ላይ ተጥሏል። ግራጫ የድመት ግልገል ደረቷ ላይ ተዘርግታ የብርድ ልብሱን ጫፍ ጎርሳ ትጠባለች። ዓይኗ ተጨፍኗል። የፊት እግሮቿን እያፈራረቀች ሱፉን ትጫነዋለች፤ ከጉሮሮዋ ኩርር የሚል ድምፅ ይወጣል። አፏ ያረፈበት ቦታ ክብ ሆኖ ርሷል። የልጅቷ ቀሚስም ደረቱ ላይ በሁለት ቦታ ርሷል፤ ያንን ያደረገችው ግን ድመቷ አልነበረችም።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችን። «ቀስ በሉ» አለች። «አሁን ነው የያዘው።»

ግልገሏ ሴት ነበረች።

እትዬ ግቢው ውስጥ ሆነው የነገሩኝ ይህን ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለውን የእህል መጋዘን አይጥ ስላስቸገራቸው ድመት ለምነው ነበር። በከተማው ልማድ ድመት የሚወሰደው ገና ዓይኗን ገልጣ መንገዳገድ ስትጀምር ነው። ካደገች እናቷን ፍለጋ ትመለሳለች ስለሚባል፣ መንገዱን እንዳታይ በከረጢት ተደርጋ ትመጣለች። ግልገሏም እንዲያ ሆና መጣች። የመጣችው ግን ሕፃኑ በተቀበረ ማግስት ነበር። ከከረጢቱ እንደወጣች መጋዘኑንም ምድጃውንም ትታ በቀጥታ ጓዳ ገባች፤ ብርድ ልብሱን አገኘችው።

«ማን አሳያት?» አሉኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረኝ። ማን አሳያት?»

ጎረቤታቸው አንዲት የሀድያ ሴት ነበሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለመጸለይ ብቅ ይሉ ነበር። ያን ቀንም ነበሩ። «እኛ ለቅሶ ስንደርስ ምትክ ይስጥሽ አልናት» አሉ። «ሁላችንም አልን። እኛ እኮ ሰው ነበር የለመንነው።» ከዚያ በኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

እትዬ ቆርጠው ነበር። ድመቷን ወደ ሺንሺቾ በሚሄድ መኪና አስጭነው ሊልኳት ነው። ልጃቸው ከክፍሉ አትወጣም፤ ወተቷ አልደርቅ ብሏል፤ ግልገሏ መጥባት ስትጀምር ይፈሳል። «ልጄን ይዛብኝ ልትሄድ ነው» አሉ። ይሁን እንጂ ልጅቷ እህል የምትቀምሰው ለድመቷ ቆርሳ ከሰጠች በኋላ ብቻ እንደሆነም ነገሩኝ። ድመቷ ብትሄድ ልጅቷ ምን እንደምትሆን ሁለታችንም አናውቅም። ጥቂት እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው።

የማውቀው የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ግብርና ቢሮው በር ላይ የክትባት ሳጥን ሲያጥብ አገኘሁት።

«ጓድ ጋዜጠኛ! የላም ወሬ አልቆ ወደ ድመት ወረድክ?»

«አጠባቧ ሕፃን ያስመስላታል።»

«ሕፃን ናታ! ጥጃስ ያለ ጊዜው ከላም ሲለይ የጓደኛውን ጆሮ አይጠባም? አይተህ አታውቅም? የአስፋልት ልጅ!» ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ ነገረኝ። ከእናቷ ቶሎ የተነጠለች ግልገል ሱፍ ታገኝና ትጠባለች፤ ሙቀቱና ልስላሴው ይስባታል። ርቧት ላይሆን ይችላል፣ ያረጋጋታል። «አትምቷት። ከመታችኋት ትፈራለች፤ በፈራች ቁጥር ትጠባለች። ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ አብሏት። መጥባት ስትጀምር ገመድ ጎትቱላት፣ ትከተለዋለች። ጨርቁን አትንጠቋት፤ ክሩ የማይመዘዝ ሌላ ጨርቅ እያስለመዳችሁ ቀይሩላት። ሱፉን ከዋጠች ግን አንጀቷ ይዘጋል፤ ያኔ እኔ የለሁበትም።»

«ትተወዋለች?»

«አብዛኞቹ ይተዉታል። አንዳንዶቹ እስኪያረጁ ይጠባሉ። ማንንም አይጎዱም።»

ስለ ልጅቷ አልነገርኩትም።

እትዬ የነገርኳቸውን በትዕግሥት ሰሙና የራሳቸውን አደረጉ። «ልጅ ጡት የሚጥለው በእሬት ነው» አሉ። «እሷንም እንዲያ ነው ያስጣልኳት።» በማግስቱ ልጅቷ እንቅልፍ ሲወስዳት የብርድ ልብሱን ጫፍ በእሬት ቀቡት። ግልገሏ መጣች፣ ጎረሰች፣ ጭንቅላቷን አራገፈች። አፏ አረፋ ደፈቀ። በእግሯ አፏን እየቧጠጠች ከአልጋው ወርዳ ጠፋች።

ልጅቷ አልጮኸችም። የብርድ ልብሱን ጫፍ አንስታ በምላሷ ቀመሰችው። ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ለሱም ቀብተሽበት ነበር?» አለች።

ሕፃኑ የሞተው በትኩሳት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም እትዬ ከዚያ ክፍል ሲወጡ ግድግዳውን ይዘው ነበር።

ግልገሏን እኔ አልጋ ሥር አገኘኋት። ከሰዓት በኋላ ጉም ግቢውን ሞላው፤ የእንሰቶቹ ቅጠል እንኳ አይታይም ነበር። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ እግሬ ሥር ተኝታለች። ድምፁ ጀመረ። የሚመጥ፣ ቆም ብሎ የሚተነፍስ፣ እንደገና የሚመጥ። ጎንበስ ብዬ ግልገሏን አየሁ። አፏ ዝግ ነው። ጆሮዎቿ ወደ ግድግዳው ቆመዋል።

ስወጣ እትዬን ከጓዳው በር ላይ አገኘኋቸው።

«ድመቷ እኔ ዘንድ ናት» አልኳቸው።

«አንተ ጋ ስትገባ አይቻታለሁ» አሉ። በሩን የገፋሁት እኔ ነኝ።

ልጅቷ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ በሩ አዘንብላ ተቀምጣለች። ከንፈሯን አሹላ አየሩን ትመጥጣለች። እናቶች ጡት ጎርሶ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን ለማንቃት የሚያሰሙት ድምፅ ነው። ድመቷን እየጠራቻት ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ምንም ስውር ነገር የለበትም። እኔ ግን ምክንያቱን ካወቅኩ በኋላ የባሰ በረደኝ። ምክንያቱም እኛ ስንገባ አላቋረጠችም፤ የምታየውም በእኛ መካከል ነበር፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሰው የሌለበት ቦታ።

እትዬ ብርድ ልብሱን አነሡ። የእሬቱን ጫፍ በሳሙና ደጋግመው አጠቡት፣ ምድጃው አጠገብ አደረቁት፣ መልሰው ትከሻዋ ላይ አደረጉላት። ግልገሏን ራሳቸው ከክፍሌ ይዘው ሄዱ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ያ የከብት ሐኪም ያለህን ለሷ ንገራት» አሉ። «ለኔ አይደለም።»

በሩ ላይ በርጩማ ይዤ ነገርኳት። መጀመሪያ የምትሰማኝ አልመሰለኝም።

«ደጋግማችሁ ሲል በቀን ስንቴ ነው?» አለችኝ።

«አልጠየቅኩትም።»

«ወተቱስ ይሞቃል?»

«እሱንም አልጠየቅኩትም።»

«ምን ዓይነት ጋዜጠኛ ነህ ጋሼ? ሂድና ጠይቀው።»

እትዬ ከኋላዬ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው አፋቸውን ያዙ።

ወተት የሚሸጡት እኒያው የሀድያ ጎረቤት ናቸው፤ ሌላ ሰው የሚያመጣላትን ልጅቷ ውኃ ገብቶበታል እያለች አልቀበል አለች። ስለዚህ ነጠላ ተከናንባ ራሷ ወጣች። ሕፃኑ ከተቀበረ ወዲህ ግቢውን ስታቋርጥ ያየኋት ያኔ ነው። ግልገሏ መጥባት ስትጀምር ትንሽ ትጠብቅና ገመድ ትጎትትላታለች። ከብርድ ልብሱ ሥር የአቡጀዲ ቁራጭ አደረገች፤ እያደር አቡጀዲው ወደ ላይ፣ ሱፉ ወደ ታች ሆነ። የተመዘዘ ክር እንዳለ በጣቷ እየዳሰሰች ታያለች። አንዳንድ ጊዜ ታወራላታለች፤ ምን እንደምትላት ላለመስማት ከክፍሌ እወጣ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ግልገሏ ረዝማ ነበር። በአንድ የገበያ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የጓዳው በር ክፍት ነበር። ልጅቷ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ግልገሏ ወጣችና ጫፉን አሸተተች፤ በእግሮቿ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫነችው። መጋዘኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲፍቅ ተሰማ። አንገቷን አዞረች፣ ወረደች፣ በአጠገቤ አልፋ ሄደች።

ልጅቷ አልጠራቻትም። እጇን የድመቷ ሙቀት በቀረበት ቦታ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ በእኔ በኩል ወደ ሱቁ አለፈች። ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቶ ነበር።

«እማዬ» አለች፣ በሰው መሀል። «ጡቴን እሰሪልኝ። ይድረቅ።»

እትዬ ሚዛኑን አስቀመጡ። መቀነታቸውን ከወገባቸው እየፈቱ ልጃቸውን አስቀድመው ወደ ጓዳ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ።

«ሱቁ ተዘጋ እንዴ?» አለኝ አንድ ከገጠር የመጣ ሰው፣ ባዶ ጠርሙስ ይዞ። «ላምባ ነበር የፈለግኩት።»

«ትንሽ ጠብቅ» አልኩት።

ፊቴን አየ። ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለ።