ለሃፍሳ ብቻ የሚጋገር ቂጣ

ከወሎ ወርዶ አዋሽ ከተማ ዳቦ ቤት የከፈተው ከድሩ፣ እጁ የተባረከ ነው ይባላል። በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው ቁርሳቸውን እሱ ዘንድ ይበላሉ። ከሁሉ አብልጦ የሚጠበብበት ግን ለሽያጭ የማይወጣ አንድ ቂጣ ነበረ። ካልተነፋ የስንዴና የገብስ ዱቄት የሚጋግረው የልጁ የሃፍሳ ቂጣ ነው።

እናቷ የሞተችው በሕፃንነቷ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆናት ደግሞ ስኳር በሽታ ያዛት። የመርፌውን ነገር ሐኪም አስተማረው፤ የምግቡን ግን ሰፈሩ ነገረው። "ለስኳር እንጀራ አይሆንም፤ ገብስ ስጣት፣ ያልተነፋ ስንዴ ስጣት" አሉት። ከድሩም ጤፍ ከቤቱ አስወጣ።

ልጅቱ ግን እያደር ከሳች። ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፤ እኩዮቿ ሲመዘዙ እሷ ባለችበት ቀረች። አንዳንዴም መርፌዋን ተወግታ፣ በልታ ሳለች፣ ስኳሯ ወርዶ ትዝለፈለፋለች። ከድሩ ነገሩን የተረጎመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ቂጣውን እየደበቀች ትጥለዋለች።

"አባዬ፣ ስበላው ሆዴን ያመኛል።"

"ሰበብ! ሰበብ ነው።"

"ወላሂ አልጣልኩም።"

"እንግዲያው እዚሁ ፊቴ ትጨርሻለሽ። ስትጨርሺ አፍሽን ታሳዪኛለሽ።"

ሃፍሳ እንባዋን እየዋጠች ትበላለች። ስትጨርስ አፏን ከፍታ ታሳየዋለች።

ምላሱ የማያርፈው ሾፌር ደስታው አንድ ጠዋት ይህን አየ። "ኧረ ከድሩ! ዳቦህ እኛን ቦርጫም አድርጎ የገዛ ልጅህን ያከሳል እንዴ?" አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከድሩም አብሮ ሳቀ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ ሰመራ አክስቷን ሰኢዳን ልትጠይቅ በሄደችበት ወድቃ ሐኪም ቤት ገባች። ከድሩ እየበረረ ደረሰ። የደም ምርመራው ውጤት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዶክተር ማህሌት አስጠራችው።

"ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል አንዳንዴ ተሳስቶ የራሱን አካል ያጠቃል" አለችው። "መጀመሪያ ቆሽቷን ጎዳ፤ ስኳሩ የመጣው ከዚያ ነው። አሁን ደግሞ ስንዴ ወይም ገብስ በበላች ቁጥር አንጀቷን ይጎዳል። አንጀቷ ስለተጎዳ የበላችው አይዋሃዳትም፤ በልታም ስኳሯ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሁለቱ በሽታዎች ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይታያሉ። ይኸው ኃይል የአንገቷንም እጢ ሊያጠቃ ስለሚችል እየተከታተልን እናያለን። ለመሆኑ ቤት ምን ነበር የምትበላው?"

"ስንዴና ገብስ። እኔው ራሴ በእጄ እየጋገርኩ" አለ ከድሩ።

"አባት፣ ለስኳሩ ብለው ነው። አላወቁም።"

"ነግራኝ ነበር" አለ ከድሩ። "በየቀኑ ነግራኝ ነበር።"

ሃፍሳ ሰመራ ቀረች። ከስንዴና ከገብስ ርቃ ንጹሕ ጤፍ ስትበላ ሆዷ ዳነ፣ ፊቷ ሞላ። ቁመቷ ግን ያለፈውን ሁሉ አላካካሰም። ከድሩ ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ልብሱን ያራግፋል። የዱቄት ብናኝ ይዤባት እንዳልገባ እያለ ነው።

"ዳቦ ቤቱን እዘጋዋለሁ፤ ወደ ቤትሽ ነይ" አላት አንድ ቀን።

"አትዝጋው፣ አባዬ። የራቅሁት ከዱቄቱ ብቻ አይደለም።"

ሰኢዳ ምሳ አቀረበች። ሃፍሳ እንጀራዋን በደንብ በላች። ስትጨርስ፣ ልማድ ይሁን ቀልድ፣ ወደ አባቷ ዞራ አፏን ከፍታ አሳየችው።

ነገሩን የማታውቀው ሰኢዳ ከት ብላ ሳቀች። ከድሩ ግን እንደዚያን ጠዋት አብሮ መሳቅ አልቻለም።