ጉለሌ ድረስ፤ የአስራት ሽወዳን ግለ ሂስ ይዤ

ንጋት 12 ሰዓት፤ ቃሊቲ

በደርግ ጊዜ እሁድ ቀን መኪና ለማንቀሳቀስ የነዳጅ ቁጠባ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእኛ ፈቃድ አራት ማኅተም አርፎበታል። ሾፌራችን ጋሽ ወልዴ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ራቅ ብሎ አየውና፣ "በዚህ እንኳን ጉለሌ አስመራም ያስኬዳል" አለ።

የፋብሪካው የጭነት መኪና ላይ አሥራ አራት ተጫዋቾች፣ ሁለት ኳስ፣ አንድ ቀይ ባንዲራ፣ አንድ ኬሻ ሎሚና እኔ ተጭነናል። ከአንድ የጉለሌ ቀበሌ ቡድን ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ አለን። እኔ ተጫዋች አይደለሁም። የፋብሪካው ሰዓት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ በተጨማሪም በየወሩ በምናወጣው ጋዜጣ ላይ የስፖርት ዓምድ እጽፋለሁ። ዛሬ ግን ኮቴ ኪስ ውስጥ ያለው ግለ ሂስ ነው። የራሴ ቢሆን ባልከፋኝ። የሌላ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስፖርት ኮሚቴያችን ሊቀመንበር ጓድ ሙሉሰው ስለ እግር ኳስ የጸና አቋም አለው። ኳስ የግል ንብረት አይደለችም። አንድ ተጫዋች ከሦስት ጊዜ በላይ ከነካት አከማችቷል ማለት ነው። ለዚህ ትምህርት ሕያው ምሳሌ ሲፈልግ ጉለሌ የሚኖር የድሮ ተጫዋች ተጠቆመለት፤ አስራት ሽወዳ። የአባቱን ስም የሚያውቅ የለም፤ ሰው በመሸወዱ "ሽወዳ" ተብሎ ቀረ። አስራት በእረፍት ሰዓት ሕዝብ ፊት ቆሞ የድሮ ጥፋቱን እንዲያነብ ተወሰነ።

"አንተ ጻፍለት" አለኝ ጓድ ሙሉሰው። "ጥፋቶቹን በዝርዝር አስቀምጥ። በደፈናው የተጻፈ ሂስ አልቀበልም።"

በዝርዝር ጻፍኩ። ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጅ ሳለሁ አባቴ እየያዘኝ ስታዲየም ይሄድ ነበር። አባቴ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ሠርግ ላይ እንኳ ፊቱ እንደተቋጠረ ነው። አስራት ኳስ ሲይዝ ግን ጉልበቱን እየመታ፣ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር። ያንን ሳቅ ያመጣውን ነገር ሁሉ ቁጥር እየሰጠሁ "ጥፋት" ብዬ ጻፍኩት።

1 ሰዓት ተኩል፤ አብዮት አደባባይ

ሦስቱ ባለ ጢም የውጭ አገር ሰዎች ከትልቁ ሥዕላቸው ላይ ሆነው እያዩን ቆምን። አንድ ጠባቂ መኪናው ላይ ወጣ።

"ኬሻው ውስጥ ምንድነው?"

"ሎሚ።"

"ለምን?"

"ለእረፍት ሰዓት" አለ ደምሴ። ደምሴ የጥገና ክፍል በያጅ ነው፤ የቡድናችን መሃል ተከላካይም እሱ ነው፤ ቁመቱና ስፋቱ የዕቃ ቤት በር ያህላል።

ጠባቂው ፈቃዱን አነበበ። "እዚህ ላይ ሰውና ኳስ ይላል እንጂ ሎሚ አይልም" አለ። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ሎሚው "የስፖርት መሣሪያ" ተብሎ አለፈ።

አራት ኪሎን፣ ስድስት ኪሎን አልፈን ሽቅብ ወጣን። መኪናው ያቃስታል። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል፤ ቃሊቲ ላይ ለብሰን የተሳሳቅንበት ሹራብ እዚህ አነሰን።

3 ሰዓት፤ ሽሮ ሜዳ

የሸማኔዎቹ ቤቶች ዝግ ናቸው። ከእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቁልቁል ይወርዳሉ። ተጫዋቾቹ ቦምቦሊኖ ላይ ሲረባረቡ እኔ የአስራትን ቤት መጠየቅ ጀመርኩ።

አንድ ባለሱቅ፣ "አስራት ሽወዳ? እሱ እኮ ስድስት ሰው አልፎ..." ብሎ ጀመረና አቅጣጫውን ሳይነግረኝ ቀረ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ ሰውዬው አንዴ አምስት ሰው አልፎ ዳኛውንም እንደሸወደ ነገረችኝ። አንድ ልብስ ሰፊ ሥራውን ጥሎ ወጣና መንገዱ ላይ በክር ጥቅል ሊያሳየኝ ሲሞክር ቦይ ውስጥ ገባ። ጓድ ሙሉሰው ይህን ባለማየቱ ደስ አለኝ። ጉለሌ ውስጥ ሰው ሁሉ ግለኛ ነው።

ቤቱን ያገኘሁት በጎማ ክምር ነው። አስራት ጎሚስታ ሆኗል። በርሜል ውኃ ውስጥ የጎማ ካላማዳሪያ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። ራሱ ሸብቷል፤ ቀኝ ጉልበቱ ላይ የሱፍ ጨርቅ ጠምጥሟል። አንድ ጊዜ ስታዲየም ሙሉ ሰው ያስነሳ እግር ይኸው ነው።

"ጋሽ አስራት፣ እንደምን አደሩ? ከቃሊቲ ነው የመጣሁት። ወረቀቱን..."

"እ... አዎ። አምጣው።"

እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበለኝ። ቀስ ብሎ አነበበው። ፊቱን አየሁ፤ ምንም አይነበብበትም። ባለቤቱ ብርቄ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። የሱሉልታ ልጅ ናት፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ትከሻውን ነቀነቀ።

"ምን ይላል?" አለችኝ በአማርኛ።

"ጥፋቴን ነው" አላት እሱ።

"በአንድ ገጽ አለቀ?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። "ዛሬ ሁሉም ያመሰግነዋል" አለች። "ያኔ ማን ነበር? ቡድኑ ሁለት ለዜሮ ተሸንፎ ሕዝቡ እሱን ተሸክሞ ይመጣል። ጓደኞቹ ደግሞ እዚያ ጥግ ሊደበድቡት ቆመው ይጠብቁታል። ጎል ማግባት አይወድም እኮ! ሰው ማሳቅ ነው የሚወደው።"

"ሁሌ አልተሸነፍንም" አለ አስራት።

"ታዲያ ዛሬ ለምን ታነባለህ?"

መልሱን ለእኔ ነው የሰጠው። "ካላነበብኩ የዚህች ቤት ፈቃድ አይታደስም ብለውኛል። በቃ፣ አነባለሁ።"

ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። መሬቱ ቢከፈትልኝ በገባሁ።

5 ሰዓት፤ ሜዳው

ሜዳው ተዳፋት ነው። አንደኛው ጎል ከላይ፣ ሌላው ከታች ነው፤ የላይኛውና የታችኛው መደብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሕዝቡ ድንጋዩ ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለ የመጀመሪያ አጋማሽ አይቼ አላውቅም። በሁለቱም በኩል ማንም ኳሷን የሚፈልጋት የለም። የደረሰችው ሁሉ እንደ ፍም ለጎረቤቱ ይወረውራታል። የቀበሌው አጥቂ አንድ ጊዜ ከበረኛ ጋር ብቻውን ተገናኘ፤ ሦስተኛ ንክኪው መሆኑን አስታወሰና ወደ ጎን አቀበለ። ጎን ላይ ሰው አልነበረም። በሌላ መኪና ቀድሞን የደረሰው ጓድ ሙሉሰው አጨበጨበ። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አንቀላፍተዋል።

በእረፍት ሰዓት የድምፅ ማጉያው ጮኸ፤ አስራት ወጣ። መነጽሩን አደረገ፣ ወረቀቱን ዘረጋ።

"ጓዶች። በአሮጌው ሥርዓት ዘመን በግለኝነት መንፈስ ተነድቼ የሚከተሉትን ጥፋቶች ፈጽሜአለሁ። አንደኛ፤ የቀኝ ተከላካዩን አልፌ ስሄድ መውደቁን በማየቴ፣ ተመልሼ፣ እስኪነሳ ጠብቄ፣ እንደገና አልፌዋለሁ።"

ከአጥሩ ላይ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ግንቡን ዞሮ ተመለሰ።

"ሁለተኛ፤ በረኛውን አልፌ ባዶ ጎል ፊት ኳሷ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ክር አስሬአለሁ።"

"ነበርኩ! እዚያ ነበርኩ!" አለ አንድ ድምፅ። ጭብጨባ ሆነ። አስራት ከመነጽሩ በላይ አየን። ከዚያ በኋላ ሲያነብ ሌላ ሰው ሆነ፤ ድምፁ ተዝናና፣ አንድ ቃል ይጀምርና ይተዋል፣ ሕዝቡ ወደዚያ ሲያጋድል በዚህ ይመጣል።

"ሦስተኛ፤ ዝናብ በዘነበ ዕለት..." ቆመ። "...ከአንድ ተመልካች ጃንጥላ ተቀብዬ፣ ዘርግቼ፣ ሁለት ሰው አልፌ..." አሁንም ቆመ፤ "...ጃንጥላውን ለባለቤቱ ከምስጋና ጋር መልሻለሁ።"

ሰው በሰው ላይ ወደቀ። "ይደገም!" ይላል ሕዝቡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ጓድ ሙሉሰው ጎንበስ ብሎ፣ "ሂሱ ሰፊ ድጋፍ አግኝቷል" ሲለው ሰማሁ። ጓድ ሙሉሰው ምን ይበል? ለግለ ሂስ ማጨብጨብ ጥፋት ነው ተብሎ የተጻፈበት ቦታ የለም።

ያን ጊዜ አንቀላፍተው የነበሩት ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥያቄ አለኝ። እዚህ የተሰበሰበው ወጣት ሁሉ ስህተቱን በዓይኑ ሳያይ እንዴት ይጠነቀቃል? ስህተቱ በተግባር ይታይልን!"

"ይታይልን!" አለ ጉለሌ በሙሉ።

ሁለቱ ሊቀመናብርት ተንሾካሾኩ። "አሥር ደቂቃ" ተባለ። "ለትምህርት ብቻ።"

አስራት በሸራ ጫማ ለቀበሌው ቡድን ገባ። ብርቄ ሕዝቡ መሃል ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። የመጀመሪያዋን ኳስ ተቀበለ፣ ዞርኩ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ በደረቱ ወደቀ። ማንም አልሳቀም። እኔ ያንን ወረቀት ባልጽፍለት ኖሮ ይህ ሰው ዛሬ ጎማውን እየለጠፈ ክብሩን ጠብቆ ይውል ነበር አልኩ በልቤ።

ተነሣ። አቧራውን አራገፈ። ኳስ በድጋሚ መጣችለት፤ ደምሴም እንደ በር ተንቀሳቅሶ መጣ። አስራት ኳሷን በጫማው ረግጦ ቆመና ቀና ብሎ ወደ እንጦጦ አየ። ሰው የጠራው ይመስላል። ደምሴም ዞሮ ወደ እንጦጦ አየ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አየሁ። ስንመለስ ኳሷም ሰውዬውም ደምሴን አልፈው ሄደዋል።

ጩኸቱን እንጦጦ ሳይሰማው አልቀረም። አስራት እያነከሰ በረኛውንም አለፈ። ባዶ ጎል። አንድ እርምጃ። እሱ ግን ዞረ፤ ደምሴን እየጠበቀ ነው!

"አግባው! አንተ ሰውዬ አግባው!" ይህ የብርቄ ድምፅ ነው።

ደምሴ ደረሰ፣ ኳሷን ነጠቀው፣ ቁልቁል ለጋት። የእኛ አጥቂ አገባት። አንድ ለዜሮ አሸነፍን። አንድም ሰው አላጨበጨበልንም፤ ሕዝቡ አስራትን ትከሻው ላይ አውጥቶት ነበር።

ጓድ ሙሉሰው ፊቱን በመሃረብ ሸፍኖ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መሃረቡን ሲያነሳ ግን ፊቱ ኮስተር ብሏል። "ጻፍ" አለኝ። "ግለኝነት ለሽንፈት እንደሚዳርግ በተግባር ተረጋግጧል።" ጻፍኩ። ጥቂት ቆይቶ ጠጋ አለኝ። "ለመሆኑ ያኔ ወደ ላይ ያየው ምን ነበር?"

የቀበሌው ሊቀመንበር ትምህርቱን እጅግ ወደደው። የጎሚስታ ቤቱ ፈቃድ እንደሚታደስ እዚያው ቃል ገባ፤ አስራትም ከእንግዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ስህተቱን ለሕዝብ እንዲያሳይ ተወሰነ።

8 ሰዓት፤ ጎሚስታ ቤት

ልሰናበተው ስሄድ እግሩን በጨው ውኃ ነክሮ ተቀምጧል። ብርቄ እያሸችው ትቆጣዋለች።

"አንተ ነህ የጻፍከው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ አስራት።"

"ልጅ ነበርክ ማለት ነው ያኔ። ከየት አየኸው?"

"ከአባቴ ጋር። ከጥላ ፎቅ ማዶ፣ ፀሐይ ከሚመታበት።"

"ጃንጥላው ላይ ግን ተሳስተሃል። ሦስት ሰው ነው ያለፍኩት።"

"አንድ ነው" አለች ብርቄ፣ ቀና ሳትል። "ሁለተኛው አንሸራትቶት ነው የወደቀው።"

11 ሰዓት፤ ወደ ቃሊቲ

ቁልቁለቱን ስንወርድ መኪናው ላይ ስለ ጎሉ የሚያወራ አልነበረም። ያገባው ልጅ ሁለት ጊዜ ሊጀምር ሞክሮ የሚሰማው አጣና ሎሚ መምጠጥ ያዘ።

ደምሴ ኬሻው ላይ ቆሟል። ነፋሱ ሸሚዙን ይነፋዋል። አንድ እግሩን ኳስ ላይ አድርጎ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ያሳየናል። አራት ኪሎ ላይ አንድ ጊዜ፣ አደባባዩ ላይ ጠባቂው ሲያስቆመን ለጠባቂው አንድ ጊዜ፣ ሳሪስ ላይ ደግሞ ሁላችንም እየሰማነው ለሦስተኛ ጊዜ ተረከው።

ቃሊቲ ደርሰን ከመኪናው ስንወርድ የደምሴ ሚስት ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ነበር። ገና ሰላም ሳትለው ትከሻዋን ያዛት።

"አስራት ሽወዳን ታውቂዋለሽ?" አላት። "ዛሬ እኔን ሸወደኝ! እኔን!"