ድምፅ የሌለው ሞኒተር

በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን በድምፅ መሣሪያ የማገለግለው እኔ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ከካርቶን ውስጥ የሚወጣውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አንብቤ፣ የተቃጠለ ማጉያ ፈትቼ እያየሁ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ሳያነብ ገመድ የሚሰካ ሰው አልወድም፤ ልጆቼም ይህን ያውቃሉ። በእኛ ዘንድ ሞኒተር ማለት መድረኩ ላይ ከመዘምራኑ እግር ሥር የሚቀመጥ፣ የዘመሩትን መልሶ ለራሳቸው የሚያሰማ ስፒከር ነው። ሌላ ሞኒተር መኖሩን አላውቅም ነበር። የኮምፒውተሩን መስኮት ሁላችንም ስክሪን ነው የምንለው።

ሴት ልጄ ተመርቃ አማን ከተማ እኛ ቤት ከተቀመጠች በኋላ ሥራ የሚሆን ነገር ያገኘችው በዚያ ሰሞን ነው። ሥራው አዛውንቶች በቤንችኛ ያወሩትን ቅጂ እያዳመጡ በአማርኛ መጻፍ ነበር። የሙከራውን ጽሑፍ እስከ ዓርብ ማታ ካልላከች ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነግሯታል። ቅጂው በዝናብ ድምፅ የታፈነ ስለሆነ በስልክ አይለይም፤ ጆሮዋን ስለሚያማት ደግሞ ማዳመጫ አታደርግም። እኔ ለቅሶ ሸኮ ሄጄ ሳለሁ ደወለችልኝ፤ ሚዛን ከተማ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያገለገለ ሞኒተር መግዛቷን፣ ግን ድምፅ እንደሌለው ነገረችኝ። ሌላ ነገር ልትጨምር ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ድምፅ የሌለው ስፒከር ለልጄ ሸጡላት ብዬ መንገዱን ሙሉ ስበሳጭ መጣሁ። ሐሙስ ከመኪና እንደወረድኩ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ሚዛን ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ጎልማሳ ነው፤ በዓይን እንተዋወቃለን። ሱቁ ፊት ባጃጆች ይቆማሉ፤ ሹፌሮቹ ተሳፋሪ ሲጠፋ በረንዳው ላይ ነው የሚውሉት። ለምን ለልጄ ድምፅ የሌለው ሞኒተር እንደሸጠላት ጠየቅኩት። ሞኒተር ድሮም ድምፅ የለውም አለኝ። ይህን ለማያውቅ ንገር አልኩት።

«ጋሼ፣ ሞኒተር እኮ የሚታይ ነው እንጂ የሚሰማ አይደለም» አለ።

ሹፌሮቹ ሳቁ። የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። ሌባ አልኩት፤ በሰው አለማወቅ የሚነግድ አልኩት። እርሱ አልተሳደበም። ዝናብ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ ሰው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ አየኝ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ቤት ስገባ ልጄ ሞኒተሩን አሳየችኝ። ከኮምፒውተሯ ጋር የሚያያዝ ስክሪን ነው። ፊቱ ሳውንድባር የሚሉት ረጅም ጥቁር ስፒከር ተጋድሟል። ስክሪኑ ስፒከር ስለሌለው ሳውንድባሩን ከዚያው ሱቅ ገዝታለች፤ የሚያገናኛቸው ገመድ ግን አብሮት አልነበረም፤ ባለሱቁ ፈልጎ ሊሰጣት ቃል ገብቷል። ይህን እያወራችኝ ስልኳ ጮኸ። እርሱ ነበር። አባትሽ ከሌባ ዕቃ አይፈልግም፣ ገመዱን ሌላ ቦታ ፈልጊ ብሎ ዘጋባት።

ዝም ማለት ሲገባኝ የሳውንድባሩን መመሪያ አነሳሁ። በኤችዲኤምአይ ገመድ ይያያዛል ይላል። እርሷ መመሪያው ለቴሌቪዥን የተጻፈ ነው፣ እዚህ አይሠራም አለች። ገመዱን ከቴሌቪዥናችን ነቅዬ አመጣሁ። ቀዳዳው ገጠመ፤ ከገጠመ ይሠራል ብዬ ሰካሁት። ዝም አለ። አገላብጬ ሰካሁ። ያው ነው። ሳውንድባሩ ተበላሽቷል አልኳት።

«አልተበላሸም፤ ይሄ ቀዳዳ ተቀባይ ነው። ወደ ስክሪኑ ታስገባበታለህ እንጂ ከስክሪኑ ምንም አይወጣበትም። ድምፁ የሚወጣው በዚህች በማዳመጫዋ ቀዳዳ ነው።»

ትክክል ነበረች። የሚያስፈልጋት በአንድ በኩል ቀጭን፣ በሌላው በኩል ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ነው። እንዲህ ያለው ገመድ የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ለአንድ ቀን አምጣልኝ አለችኝ። አይሆንም አልኳት። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ለቤት ጉዳይ አይወጣም። የመጋቢያችን ልጅ ጊታር ሊያወጣ ሲል ከልክያለሁ፤ ለልጄ ብዬ አላፈርሰውም። ዛሬም ቢሆን አላፈርሰውም።

«ለእግዚአብሔር ገመድ ይህን ያህል ትጠነቀቃለህ» አለችኝ። «ለሰው ስም ግን አልተጠነቀቅክም። ነገ ማታ ካልላክሁ ሥራው የለም፤ ገመዱን ያስቀረህብኝ አንተ ነህ አባዬ።»

እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። አፍሽን ዝጊ አልኳት። እናቷ ከጓዳ ወጥታ ሁለታችንንም አየችና ተመልሳ ገባች።

ዓርብ ጠዋት ልጄ አማን ያሉትን ሱቆች ዞራ ሁለቱም ጫፉ ቀጭን ከሆነ ገመድ በቀር አጣች። እኔም ወደ ሚዛን ሄድኩ። ሹፌሮቹ እዚያው በረንዳ ላይ ናቸው። ባለሱቁን ለብቻ ላናግርህ አልኩት።

«ስድቡ በሰው ፊት ነበር ጋሼ» አለ። «ሌላውንም እዚሁ ይበሉት።»

በዚያች ሰዓት ጠላሁት። ነገር ግን በሰው ፊት የሰደበ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቅ እያልኩ ልጆቼን ያሳደግኩት እኔው ነኝ። በሹፌሮቹ ፊት፣ ሞኒተር ሲባል ስፒከር መስሎኝ ነው፣ ተሳስቻለሁ፣ አንተ ሌባ አይደለህም አልኩት። አንዱ ሹፌር እሁድ እሁድ የምናዘምረው በስክሪን ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ጓደኞቹ ተንከተከቱ። ባለሱቁ አልሳቀም፤ እጁንም አልዘረጋልኝም። ገመዱን ከመሳቢያ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ከፍዬ ወጣሁ።

ልጄ ገመዱን ከእጄ ተቀብላ ቀጭኑን ጫፍ ስክሪኑ ጀርባ፣ ቀይና ነጩን ሳውንድባሩ ጀርባ ሰካች። ከዚያ ውጭ ቆይ አለችኝ። በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ዝናብ ነው፤ ውጭው ፀሐይ ነበር፤ የሚዘንበው ቅጂው ውስጥ ነው። ቀጥሎ አንድ አዛውንት ቀፎ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቀል ሲያወሩ ጥርት ብሎ መጣ። ታቆማለች፣ ትመልሳለች፣ ትጽፋለች። አንድ ቃል አልያዝላት ብሎ ደጋግማ ስትመልሰው ሰማኋት። ቃሉን አውቀዋለሁ። እርሷ አልጠራችኝም፤ እኔም ገብቼ አልነገርኳትም።

ሊመሽ ሲል በሩን ከፈተችው።

«ላክሁት።»

«መልካም።»

«ባለሱቁን ምን አልከው?»

«ተሳስቻለሁ አልኩት።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

ከዚያ እራቷን ለብቻዋ እንደምትበላ ለእናቷ ነግራ በሩን መልሳ ዘጋችው።