ከገመዱ የወረደው መቆንጠጫ

ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከምስማር ወደ ምስማር የተወጠረ ገመድ አለ። በዚያ ገመድ ላይ ልብስ አይሰጣም። የሚሰካበት የየቤቱ የልብስ መቆንጠጫ ብቻ ነው። አንዱ ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሟል፣ አንዱ ላይ አረንጓዴ፣ አንዱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ተሰፍቷል። ማጠብ የፈለገ ሰው የራሱን መቆንጠጫ ከሁሉ ኋላ ይሰካል፤ ከፊቱ ያሉት አጥበው በወጡ ቁጥር ወደ በሩ እየተጠጋ ይሄዳል። ሕንፃው ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አንድ ነው፣ ነዋሪው አዋጥቶ የገዛው። አንድ ማሽን ለዚያ ሁሉ ቤት ሆኖ ሰው እስከ ዛሬ ጸጉር ሳይነጫጭ የኖረው በዚያ ገመድ ነው።

ገመዱን የወጠረችው እትዬ ሥርዓት ናት። ይህን ስም ያወጣላት ጎረቤት ነው፤ መጀመሪያ በሐሜት፣ ኋላ በአክብሮት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ማሽኑ የተገዛ ሰሞን አንዱ የሌላውን እርጥብ ልብስ አውጥቶ ወለል ላይ ሲዘረግፍ፣ በካልሲ ሰበብ ሰላምታ ሲቋረጥ አየችና አንድ ቀን መርፌዋን አስቀምጣ ወረደች። ሕግ አወጣች። ተራ በመቆንጠጫ ይያዛል። ኪሱ ያልተፈተሸ ልብስ አይገባም። ያጠበ ሰው የሳሙና ማስገቢያውን ጠርጎ ይወጣል። የሰው ልብስ ባለቤቱ ሳይፈቅድ በእጅ አይነካም፤ ከቆየ በር ይንኳኳል። ከሁሉ የከረረችው ሕግ ደግሞ መጨረሻ ላይ መጣች፤ ሕመምተኛ ያበላሸው አንሶላ እዚህ ማሽን ውስጥ አይገባም።

ይህችን የመጨረሻዋን ያወጣችው ምድር ቤት ትኖር በነበረች ሴት ምክንያት ነው። ሴትዮዋ አልጋ ላይ የዋለች እናት ነበረቻት። እትዬ ሥርዓት አንሶላውን በሰው ፊት ከማሽኑ አስወጥታ፣ በሳፋ አስይዛ ሸኘቻት። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ መቆንጠጫዋ ገመዱ ላይ አልታየም፤ እናቷ ስትሞትም ቤቱን ለቀቀች። እትዬ ሥርዓት ያን ጊዜ ምንም አልመሰላትም።

ባሏ ጋሽ ቀስታ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ስሙን ያወጡለትም ተሳፋሪዎች ናቸው። «በእግሬ ብሄድ እቀድመዋለሁ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ሕፃን ያቀፉ እናቶችና ወገባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌዎች ግን ሌላውን አውቶቡስ አሳልፈው የእሱን ይጠብቁ ነበር፤ ፍሬን ሲይዝ የቆመ ሰው አይወዛወዝማ። «ድንጋይ አይደለም የጫንኩት» ይል ነበር ሲነግሩት። ውሸት አያውቅበትም። ለመዋሸት የሞከረ እንደሆነ አስቀድሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ይህን የምታውቅበት ሚስቱ ብቻ ነበረች። ልጅ አልወለዱም። እሷ እሱን፣ እሱ እሷን ሲያዩ አረጁ።

አንድ ማለዳ እትዬ ሥርዓት ከአልጋዋ ልትነሣ ስትል ግራ ጎኗ እምቢ አላት። አንደበቷና ቀኝ እጇ ተረፉላት፤ የቀረው አካሏ የእሷ መሆኑ ቀረ። አልጋው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሰ ቀን አንሶላው እስኪለወጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሽ ቀስታ ሲጨርስ፣ ሳትዞር፣

«ማልልኝ» አለችው።

«በምን ልማልልሽ?»

«ይህን ነገር ጎረቤት እንዳይሰማ። ማልልኝ ብዬሃለሁ።»

«አንቺን ያሳጣኝ፣ ከዚህ በር አይወጣም» አለ።

ጎረቤት የሚያውቀው ወገቧን እያመማት ከቤት እንደማትወጣ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የጋሽ ቀስታ ኑሮ አንሶላ ሆነ። ማለዳ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በበረኪና ይዘፈዝፋል፣ ያሻል፣ ያለቀልቃል። መጭመቁ ላይ ግን መሪ ሲጨብጡ ያረጁት ጣቶቹ አይታዘዙትም፤ በእጅ የተጨመቀ አንሶላ ደግሞ በዚያች ጠባብ ቤት አይደርቅም። ማሽኑ የግድ ነበር። ስለዚህ አንሶላውን ከቅርጫቱ ሥር ያደርግና ሸሚዞቹን ከላይ ይደለድላል። የራሱ ተራ አይበቃውም፤ የሰው ተራ ይለምናል። «ዛሬ ብትለቅልኝ፣ እህቴ እንግዳ ሆና መጥታ» ይላል። እህት እንደሌለው ሕንፃው በሙሉ ያውቃል።

አራተኛ ፎቅ የምትኖረው የሒሳብ አስተማሪ መንታ ልጆች አሏት። ባሏ ሥራው ሩቅ ነው፤ ሁሉ ነገር በእሷ ትከሻ ነው። ከትምህርት ቤት ደክማ መጥታ ወደዚያች ክፍል ስትገባ ሁልጊዜ ከፊቷ የምታገኘው የጋሽ ቀስታን ሰማያዊ ክር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ጠረጠረች። አንድ ቀን ሸሚዞቹ ሸርተት ብለው ከሥራቸው ነጭ አንሶላ አየች፤ በማግሥቱም አንሶላ፣ ከዚያ ወዲያም አንሶላ። ከመንገዱ ማዶ ፔንሲዮን አለ፤ የእሱም አንሶላ ነጭ ነው። አስተማሪ ናትና ደመረችው። በእሷ አልፈርድም፤ የተሰጣት ቁጥር ያንን ነበር የሚያወጣው።

ወሬው ሦስተኛ ፎቅ ከሚኖረው ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ደረሰ። እሱ ዘንድ የደረሰ ወሬ ደግሞ ሌላ ቦታ ለመድረስ ትኬት አይቆርጥም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጋሽ ቀስታ የሰማው ነዋሪው ከደረጃው ሥር ተሰብስቦ ሲያስጠራው ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች አስተማሪዋ፣ «እርስዎ ቤት ያላችሁት ሁለት ሰዎች ናችሁ። የሚያጥቡት አንሶላ ግን የአንድ ሆቴል ነው። ልጆቼ በቆሸሸ ዩኒፎርም ትምህርት ቤት ሲሄዱ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለማን ነው የሚያጥቡት?»

«ለፔንሲዮኑ ነው እንዴ?» አለ ጸጉር አስተካካዩ ከኋላ።

ጋሽ ቀስታ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። አልጋዋ ልክ ከዚያ በላይ ነው። አንድ ቃል ቢተነፍስ ሁሉም «ውይ!» ብለው እንደሚያዝኑለት ያውቃል፤ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። እትዬ ሥርዓት ከሞት አብልጣ የምትፈራው ግን ያንን «ውይ» ነበር። ከንፈራቸውን እየመጠጡ ሲወጡ፣ ንጽሕናዋን እያነሡ ሲተዛዘኑ፣ ያቺን የምድር ቤት ሴት አንድ ሰው ሲያስታውስ ታየው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዎ» አለ። «ለፔንሲዮኑ ነው።»

ሰዉ ክህደት ነበር የጠበቀው። «አዎ» ሲመጣ አስተማሪዋ ራሷ ደነገጠች። ቆይታ ወደ ገመዱ ሄደች፤ ሰማያዊ ክር ያለበትን መቆንጠጫ ነቅላ፣ ዓይን ዓይኑን ሳታይ በእጁ አስጨበጠችው። ጋሽ ቀስታ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶት ወደ ቤቱ ወጣ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እሱ ስሙን በቁሙ ቀበረው። ደረጃውን ሲወጣ የሚያስጨንቀው ግን አንሶላው የት እንደሚደርቅ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉን በእጁ አደረገ። አንሶላው በበሩ ላይ፣ በወንበሩ ላይ፣ በመስኮቱ ላይ ተዘረጋ፤ ቤቱ ርጥብ ርጥብ ሸተተ። በረኪናው ጣቶቹን ሰነጣጠቃቸው።

«ማሽኑ ምን ሆነ?» አለችው እትዬ ሥርዓት።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ተበላሸ።»

ማሽኑ ከሥራቸው ልብስ ሲጨምቅ አልጋው ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜም ይንቀጠቀጥ ነበር። አልጋውን አየች፣ እሱን አየች።

አንድ ቀን የኮቱ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየችና «አምጣው፣ እጄ እንዳይሰንፍ ልስፋበት» አለችው። ደስ ብሎት ሰጣት፤ መርፌ ከያዘች ቆይታ ነበር። ኮቱን ጉልበቷ ላይ ስታገላብጥ መቆንጠጫው ብርድ ልብሱ ላይ ዱብ አለ። ክሩን የጠመጠመችው እሷ ናት። ከዚያ ገመድ ላይ የሰው መቆንጠጫ እንደዋዛ እንደማይወርድ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ማነው ያወረደው?»

ጋሽ ቀስታ ጉሮሮውን መጥረግ ጀመረ።

«እሱን ተወውና እውነቱን ንገረኝ።»

ነገራት።

«እና አዎ አልካቸው?»

«ምን ልበል ታዲያ? ምያለሁ።»

«አንተ ሞኝ» አለችና አለቀሰች። ጎኗ ሲከዳት አላለቀሰችም ነበር፤ አልጋው ሲርስም አላለቀሰችም። አሁን ግን በአንድ ዓይኗ እንባ፣ ባልታዘዘው ከንፈሯ ምራቅ እየወረደ እንደ ሕፃን አለቀሰች። በመጨረሻ እጁን ሳብ አድርጋ ጣቶቹን አየች። «ያቺ ምድር ቤት የነበረችው ትዝ ትልሃለች?» አለችው። «እኔ ነኝ ያባረርኳት።»

በማግሥቱ ጠዋት የክት ቀሚሴን አልብሰኝ አለችው። ጸጉሯን አስበጠረችው።

«እዘለኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ ታች። ከዚያ ተመልሰህ ቅርጫቱን ታመጣለህ። ሸሚዝ ከላይ እንዳታደርግበት።»

ቢለምናት፣ ቢቆጣት ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። አዘላት። ሚስቱ ቀልላ ነበር። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ጎኗ ከግድግዳው እንዳይነካካ፣ እንደዚያ ዘመን አውቶቡስ ቀስ ብሎ ወረደ።

በማጠቢያዋ ክፍል ውስጥ አስተማሪዋና ጸጉር አስተካካዩ ነበሩ። የአስተማሪዋ ልብስ ማሽኑ ውስጥ ይዞራል፤ እሱ የፎጣ ክምሩን ይዞ ተራ ይጠብቃል። ሲያዩአቸው ሁለቱም ብድግ አሉ። ጸጉር አስተካካዩ ወንበር አቀረበ። ጋሽ ቀስታ ሚስቱን አስቀምጦ፣ በኮቱ ደግፎ፣ ወጥቶ ቅርጫቱን ይዞ ተመለሰ። ሽታው ክፍሏን ሞላው። የአስተማሪዋ እጅ ወደ አፍንጫዋ ሄደ፤ ወዲያው አፍራ አወረደችው።

«ይህ የፔንሲዮን አይደለም» አለች እትዬ ሥርዓት። «የእኔ ነው። የማበላሸው እኔ ነኝ፣ የሚያጥበው እሱ ነው። ለሰው እንዳይናገር አስምዬው ነው የዋሻችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ከእናንተ ጋር ሲኖር፣ ሲዋሽ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ እንኳ አላያችሁም።»

ማሽኑ ይንገጫገጫል።

«እንዲህ ያለ አንሶላ አይግባ ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ጤነኛ ነበርኩ። ይቅርታ ልጠይቃት የሚገባኝ ሴት አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። ይህን እዚህ ማጠብ ይፈቀድልኛል?»

ጸጉር አስተካካዩ፣ ያ ለወሬ ምላሱ የማይደክም ሰው፣ መሬት መሬቱን አየ። አስተማሪዋ ወደ ማሽኑ ዘለለች። «እትዬ፣ አሁኑኑ የእኔን አውጥቼ...»

«አይሆንም።» እትዬ ሥርዓት በደኅናው እጇ ጨብጣው የመጣችውን መቆንጠጫ ለባሏ ሰጠችው። «ከኋላ» አለችው።

ጋሽ ቀስታ ሰማያዊውን ክር ከጸጉር አስተካካዩ ኋላ፣ ከሁሉ መጨረሻ ሰካው።

ጠበቁ። የአስተማሪዋ ልብስ አለቀ፤ አወጣችው፣ ግን ወደ ቤቷ አልወጣችም፤ ሳፋ ደፍታ ተቀመጠችበት። ጸጉር አስተካካዩ ተራውን ሊለቅ አፉን ከፈተ፤ የእትዬ ሥርዓትን ፊት አየና ዘግቶ ፎጣዎቹን አስገባ። ከላይ ባዶው አልጋ እየተንቀጠቀጠ ይሆናል ብሎ አሰበ ጋሽ ቀስታ። ፎጣዎቹ ሲያልቁ ጸጉር አስተካካዩ የሳሙና ማስገቢያውን እንደ ምላጭ አጠራርጎ፣ ደግሞ መላልሶ ጠረገው። «ተራዎ ደርሷል፣ እትዬ» አለ።

ጋሽ ቀስታ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ አለ። አስተማሪዋ ያን ጊዜ እጆቹን አየች፤ የተሰነጠቁ፣ አንዳንዱ ጣት ላይ ደም የደረቀባቸው። እጇን ወደ አንሶላው ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው፤ የሰው ልብስ ሳይፈቀድ አይነካም።

«እትዬ ሥርዓት» አለች። «ልንካው? ይፈቅዱልኛል?»

ያን ሁሉ መናገሩ እትዬ ሥርዓትን ይህን ያህል አልከበዳትም። የአስተማሪዋን ፊት አየች፣ ከዚያ የባሏን ጣቶች።

«ንኪው» አለች።

አስተማሪዋ እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላውን በሁለት እጇ አነሣችው። ጋሽ ቀስታ ባዶ እጆቹን የሚያደርግበት ጠፋው፤ ሄዶ ከወንበሩ አጠገብ ቆመ፣ ሚስቱም አንዱን ያዘችለት።