ሠላሳ እንቁላልና አንድ ሞተር

ሞተር ልገዛ የሄድኩ ቀን በእጄ ሠላሳ እንቁላል ይዤ ነበር። ሻጩ ገና ከበሩ ሲያየኝ እንቁላል አዙሬ የምሸጥ መስሎት፣ «እናቴ፣ ዛሬ አንፈልግም» አለኝ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ «እሺ ልጄ» ብዬ ልመለስ ስል አብራኝ የመጣችው ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ ልንሸጥ አይደለም እኮ የመጣነው። ልንገዛ ነው።»

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፤ ለትሕትና ብዬ አይደለም የምለው። አሳንሰር ውስጥ ስገባ ግድግዳውን ጨምድጄ እይዛለሁ። አስፋልት ስሻገር የማላውቀውን ሰው እጅጌ ይዤ የተሻገርኩበት ቀን ብዙ ነው። ልጄ ትንሽ ሳለች ዥዋዥዌ ላይ ስትወጣ ዓይኔን የምጨፍነው እኔ ነበርኩ። ትምህርቴም የማታ ነው፣ ያውም እየተቆራረጠ፤ ስለዚህ አንድ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር ጥፋቱ የራሴ ይመስለኛል። እንዲህ ያለች ሴት ሞተር ምን ያደርግላታል ካላችሁ፣ መልሱ ያው እንቁላሉ ነው።

ቤቴ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ አረባለሁ። እንቁላሉን አልፎ አልፎ ጎረቤት ይገዛኛል፤ ቤቴን ያቆመችው ግን ሲ.ኤም.ሲ ቁርስ ቤት ያላት አንዲት ሴት ናት። ዋናው ችግር እዚያ ማድረሱ ነበር። ታክሲ ስገባ ረዳቱ «ማዘር፣ ጭንዎት ላይ ያድርጉት፣ መተላለፊያ እንዳይዘጋብን» ይለኛል። ጭኔ ላይ ሳደርገው አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ክርን ያገኘዋል። መሬት ሳስቀምጠው የሚወርድ ሰው ጫማ ያገኘዋል። መገናኛ ወርጄ ሁለተኛውን ታክሲ እስክይዝ ድረስ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ጫጩት ሊሆን የቸኮለ ይመስል ስንጥቅጥቅ ብሎ ይጠብቀኛል።

አንድ ቀን የቁርስ ቤቷ ባለቤት የተሰነጠቁትን ለይታ ወደ ጎን እያስቀመጠች፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። «አሁንስ ተቸገርኩ። አንዴ ደግሞ እንዲህ ሆኖ ከመጣ ከሌላ ሰው መውሰዴ ነው።» አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይበርድለታል።

እቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። እሷ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ለሁሉም ነገር መፍትሔ አላት። «ሞተር ግዢ» አለችኝ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደማለት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳቅኩባት። በሦስተኛው ሳምንት የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ስለ ሥልጠናው ብዙ አላወራም። መሬት ላይ በደረደሯቸው ሾጣጣዎች መሀል እየተጠማዘዙ ማለፍ ነው፤ እኔ ግን አንዱንም ሳልነካ አላልፍም። አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ግን ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ማዘር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ከዚህ ሾጣጣ ጋር የቆየ ጸብ አላችሁ?» አለኝ። ፈቃዱን በሦስተኛው ሙከራ አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ሞተሩን መምረጥ ነበር፤ ከሾጣጣውም የከበደኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጸሎት ኅብረታችን ነው። በሳምንት አንድ ቀን በየተራ በየቤታችን የምንሰበሰብ እህቶች ነን፤ ያለ ጸሎት ቁም ሣጥን እንኳ የሚገዛ የለም። «ሞተር ልገዛ ነው፣ ጸልዩልኝ» አልኩ።  አንዷ «ለማን?» አለች። ስነግራት «ኢየሱስ» ብላ ቁጭ ያለችው የተለመደው ጸሎቷ ይሁን ድንጋጤ አላወቅኩም። ከጸሎቱ በኋላ በዕድሜ ትልቋ እህታችን ዓይኗን ገለጠችና፣ «ቀይ ነገር ታየኝ» አለችኝ።

«ልግዛ ነው፣ አልግዛ?»

«እሱ አልታየኝም። ቀይ ነው የታየኝ።»

«ቀይ ግዢ ነው፣ ወይስ ከቀይ ተጠንቀቂ?»

«እኔ ያልታየኝን አልናገርም» አለችኝ። እሷን የመሰለ ሐቀኛ ሰው የለም፤ የዚያን ዕለት ግን ትንሽ ብትጨምርበት ደስ ባለኝ።

እንግዲህ እንቁላሌን ይዤ፣ ቀዩን እያሰብኩ፣ ከልጄ ጋር መገናኛ አካባቢ ወዳለው ሻጭ ሄድን። እንቁላሉን ለምን እንደያዝኩ ልጄ መንገድ ላይ ስትጠይቀኝ፣ «ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን ይዞ አይደል የሚሄደው?» አልኳት። ሞተሩ የሚሸከመው እሱን ነው፤ ሳይሞከር እንዴት ይገዛል?

ሻጩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ሠላሳዎቹን ያለፈ ሳቂታ ሰው ነው። «ለማን ነው ሞተሩ?»

«ለኔ።»

ወደ ልጄ አየ። ልጄ «ለሷ ነው» አለችው። ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይጠይቅ መንጃ ፈቃዴን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት። ፎቶው ላይ ሌባ ያሳደደኝ ነው የምመስለው፤ እሱ ግን በአክብሮት አይቶ መለሰልኝና ወደ ጓሮው ወሰደን።

መጀመሪያ ያሳየን አንድ ረጅም ጥቁር ሞተር ነው። «ይሄ እንጦጦን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወጣው» አለ። ልጄ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ይዘውኝ ወጣሁ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። እግሬን ወደታች ብዘረጋ ብዘረጋ መሬት የለም።

«እግሬ አልደረሰም።»

«ይለምዳል፣ እናቴ።»

«የሚለምደው እግሬ ነው መሬቱ?»

ሳቀና አወረዱኝ፤ አወራረዴ ግን ከአወጣጤም የባሰ ነበር።

ሁለተኛው ቀይ ነበር። ሳየው ልቤ ዘለለ። ዓይን የሚወጋ፣ አዲስ፣ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ ቀይ። ልጄ ፊቴን አይታ «እማዬ፣ እንዳትቸኩዪ» አለችኝ፤ ስለ ራእዩ ታውቃለች። ቁጭ ስል የእግሬ ጣቶች መሬት ነኩ። ይሄ ነው አልኩ በሆዴ። ሻጩ «እስቲ ትንሽ ወደ ጎን ያዘንብሉትና መልሰው ያቃኑት» አለኝ። አዘነበልኩት። ማዘንበሉን አዘነበልኩት፤ መቃናቱ ነው እንቢ ያለው። እንደ ደከመው በሬ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተኛ። ሻጩ ዘሎ ባይዘው ከሥሩ የሚያወጣኝ ሰው ይፈለግ ነበር። እንግዲያው የታያት ቀይ ማስጠንቀቂያ ነበር አልኩና ተረጋጋሁ።

«እንግዲህ...» አለ ሻጩ፤ ወደ በሩ እያየ። ያኔ ነው ጥጉ ጋ፣ በግማሽ ሸራ ተሸፍኖ የቆመ ትንሽ ግራጫ ሞተር ያየሁት።

«ያስ?»

«እሱ ያገለገለ ስኩተር ነው። በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ጎኑም ተጭሯል፣ ለእርስዎ አይሆንም።»

ሸራውን ራሴ ገለጥኩት። ከፊት ለፊት እግር የሚያርፍበት ወለል አለው፤ ቀሚሴን ሳልሰበስብ ገባሁ። ተቀመጥኩ። ሁለቱም እግሬ፣ ተረከዜ ሳይቀር፣ መሬት ላይ አረፈ። ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ተነፈስኩ። ከዚያ ጭረቱን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳል።

«ወድቋል?»

«ትንሽ።»

«ማን ጣለው?»

«አንዲት ጀማሪ ነበረች፣ እንደ እርስዎ።»

 «ደህና ናት?»

«ደህና ናት እንጂ። እሱን መልሳልኝ ትልቁን ገዛች።»

ይሄ ነገር እንዴት እንዳሳረፈኝ ልነግራችሁ አልችልም። አዲስ ነገር ሲገዙ መጀመሪያ የሚጭረው ማን ይሆን ብሎ መጨነቅ አለ። ይሄኛውን ግን ሌላ ሴት ቀድማ ጥላልኛለች። ደግሞ ተነሥታለች።

ልጄ እንቁላሉን ከኋላ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠበቅ አድርጋ አሰረችልኝ።  ጓሮውን መዞር ጀመርኩ። አካሄዱ ድምፅ የለውም፤ የሚሰማው የኔ ትንፋሽ ብቻ ነው። ጥጉ ጋ ስደርስ ግድግዳው የመጣብኝ መሰለኝና ፍሬኑን ባለኝ ኃይል ጨመደድኩት። ሞተሩ ቀጥ አለ። እንቁላሉ ግን አልሰማም፤ ጉዞውን ቀጠለ።

ዘጠኝ ተሰበረ። አስኳሉ በጭረቱ ላይ እየተንጠባጠበ ሳየው ዕንባዬ መጣ። ሲ.ኤም.ሲ ያለችው ሴት የተሰነጠቁትን ወደ ጎን ስታስቀምጥ ታየችኝ። «በቃ፣ ይቅርብኝ። እንሂድ» አልኩ።

ልጄ ሶፍት አውጥታ ወንበሩን መጥረግ ጀመረች። እየጠረገች፣ «እማዬ» አለችኝ፣ «ከዶሮዋ ሥር እንቁላል ስታወጪ እንዴት ነው የምትይዢው?»

«እንዴት ነው ደግሞ? እንደ እንቁላል ነዋ።»

«ፍሬኑንም እንደሱ ያዢው።»

ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ይሄን ማለት ስፈልግ ነበር» አለ፤ ውሸቱን ነው።

እኔ ፍሬኑን የያዝኩት እንደ አሳንሰሩ ግድግዳ ነበር። ጣቶቼ ግን ሌላም አያያዝ ያውቃሉ፤ ስንት ዓመት ለቅርፊት ሲሳሱ የኖሩ ናቸው። እንደገና ጀመርኩ። ጥጉ መጣ። ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ቆመ። ሦስት ጊዜ ዞርኩ፤ የቀሩት ሃያ አንዱ እንቁላሎች ንቅንቅ አላሉም።

«እሱን ነው የምወስደው» አልኩ። ዋጋውን ልጄና እሱ ተከራከሩ፤ እኔ እንቁላሌን እያየሁ ነበር። ሲጨርሱ ግን ጠጋ አልኩ፣ የገበያ ሰው ነኝና። «ምራቂውስ?»

«ምን?»

«ምራቂ። እኔ ለደንበኛዬ ሁልጊዜ ሁለት እንቁላል እመርቃለሁ።»

«ሞተር ላይ ምራቂ የለም እኮ፣ እናቴ።»

«ዘጠኝ እንቁላል ጓሮህ ውስጥ መርቄልሃለሁ። አንተስ?»

ልጄ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ሻጩ ጭንቅላቱን እያከከ ገባና አራት የራስ ቁር አመጣ። ሻሼ ላይ ሦስቱ እንቢ አሉ። አራተኛው ልክ ገባ። አውልቄ ሳየው ቀይ ነው። ቀይ የታያት እህታችን ኋላ ላይ ስታየው «አላልኩሽም?» አላለችኝም፤ ዳስሳ ዳስሳ «ደህና ወፍራም ነው» ብቻ አለችኝ።

በሳምንቱ፣ ማለዳ፣ ስልሳ እንቁላል ከኋላ ባስገጠምኩት ሳጥን ውስጥ ጭኜ፣ ምራቂዎቹን ሁለቱን ጃኬቴ ኪስ ከትቼ ከቤቴ ወጣሁ። ቀበና እስክወርድ ድረስ ቁልቁለቱን በሙሉ ከጌታ ጋር እያወራሁ ነው የወረድኩት፤ አብዛኛው ልመና ነው። ድልድዩን ሳልፍ የማውቀው ታክሲ አጠገቤ ደረሰ፤ ያ ረዳት በመስኮት ብቅ አለ።

«ማዘር፣ ከዱን ማለት ነው?»

ዞር ብዬ ልመልስለት አልደፈርኩም። «ጭንህ ላይ አድርገው» አልኩት፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲስቅ ሰማሁ።

መገናኛ ግን መገናኛ ነው። አውቶብሱን፣ ታክሲውን፣ የሰውን ብዛት ሳይ ዳር ይዤ ወረድኩና ሞተሩን በዳሌዬ ደግፌ መግፋት ጀመርኩ። ትራፊክ ፖሊሱ መጣ።

«ተበላሸብዎት?»

«የለም ልጄ፣ እሱ ደህና ነው። ያልደፈርኩት እኔ ነኝ።»

እጁን ዘርግቶ መኪናውን ሁሉ አቆመልኝ። ያን ሁሉ መኪና አስቁሜ፣ ሞተሬን እንደ ግልገል እየነዳሁ በእግሬ ተሻገርኩ። ወዲያ ማዶ እንደገና ወጣሁበት።

የቁርስ ቤቷ ባለቤት የራስ ቁሩን ስታይ አላወቀችኝም። ሳወልቀው በእጇ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «እትዬ፣ እርስዎ?» አለች። ወዲያው እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች ማየት ጀመረች። እኔ ቆሜ ጣቶቿን ነው የማየው። የመጀመሪያውን ሠላሳ ጨረሰች። ሁለተኛውን ጀመረች። መጨረሻዋን እንቁላል ወደ ብርሃን አንሥታ አየችና መለሰቻት።

«አንድም የለም» አለች።

«አንድም?»

«አንድም። ከነገ ወዲያ ደግሞ ስልሳ ያምጡልኝ።» ከዚያ እንደ ልማዷ መዳፏን ዘረጋች። «ምራቂዬስ?»

እጄን በኩራት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። መልሼ ሳወጣው እስከ አንጓዬ አስኳል ነበር። ለካ መገናኛ ላይ ሞተሩን በዳሌዬ ስገፋ ጨፍልቄያቸዋለሁ። በሞተር የመጡት ስልሳውም ደህና ናቸው፤ በእግሬ ስሄድ ከኔ ጋር የነበሩት ሁለቱ ብቻ ተሰብረዋል።

ቁርስ ቤቷ ውስጥ ያለው ሰው እስኪያየን ድረስ ሳቅን። እጄን እየታጠብኩ፣ በሚቀጥለው አራት እንደምመርቅላት ነገርኳት።

«እነሱንም ሞተሩ ላይ ይጫኗቸው» አለችኝ፣ ፎጣ እያቀበለችኝ። «መገናኛንም ሳይወርዱ ይለፉት።»

ሳልወርድ ለማለፍ አምስት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ትራፊኩ በአምስተኛው ቀን እጁን አልዘረጋም፤ ቀዩን የራስ ቁሬን አውቆት ራሱን ብቻ ነቀነቀልኝ።